ያዎቪና የመንገድ ፎቶዎቹ

ያዎቪን ፎቶ ማንሳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ካስተማርኩት ውስጥ እሱ የያዘው ጥቂቱን ነው። ሰውየውን አስቀምጥ፣ አገጩን ቀና አድርግለት፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፍ፣ «እንዳትንቀሳቀስ» በለው፣ ከዚያ ተጫን። ያዎቪ የያዘው «ተጫን» የምትለዋን ብቻ ነው።

ቶጎ ውስጥ፣ ቮጋን ገበያ ጥግ ባለችው ፎቶ ቤቴ ሁለት ዓመት አብሮኝ ሠራ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ዓርብ፣ ገበያው በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ጨው ጭኖ ወደ ሰሜን የሚወጣ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ። ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነው የሄደው። ሴትየዋ አገጯን ቀና እንዳደረገች ግድግዳውን ስታይ ቆየች፤ በመጨረሻ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አቧራ ለብሶ ከዳፓንግ ተመለሰና፣ «ፎ አግቤኮ፣ እዚያ አገር እኮ ሰው የሚሄደው ነፋስ ላይ ተደግፎ ነው» አለኝ። ስለ ሴትየዋ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድምን፣ ባይወለደንም ታላቃችንን ሁሉ «ፎ» ነው የምንለው፤ ያን ቀን ግን እንዲህ የሚለኝ ታናሽ ባይኖረኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ኑሮው ይኸው ሆነ። አታክፓሜ፣ ሶኮዴ፣ ካራ፣ ዳፓንግ፤ አንዳንዴም ድንበር ተሻግሮ ጋና ወይም ቤኒን። በደረሰበት ገበያ ነጭ ጨርቁን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ አጠገቡ ካገኘው ሱቅ ወንበር ይለምናል፣ የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል። የመኪና ዋጋውንና የአኩሜ ገንፎውን የሚችለው ያ ነው። ጨርቁን ካጠፈ በኋላ ግን ካሜራውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ይሄዳል። በር በራሷ ላይ ተሸክማ የምትሄድ ሴት ያነሳል። በጭነት መኪና የጎን መስታወት ጺሙን የሚላጭ ሹፌር ያነሳል። ዝናብ ሲያባርራቸው አንድ ጣሪያ ስር የተጠጉ ሦስት ፖሊሶችና አንድ ፍየል ያነሳል። ማንንም አያስፈቅድም፣ ማንንም ቀና በል አይልም፤ አንስቶ ያልፋል።

«ሰው ፎቶ መነሳቱን ካወቀ ፊቱን ይለብሳል» ይላል።

«ታዲያ ራቁቱን ልታየው ነው?» እለዋለሁ።

እነዚህን ፎቶዎች የሚያዝ የለም፣ የሚገዛ የለም። ሚስቱ ኤሲቪ ፊልም ከሚገዛ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ቢጨምር ደስ ይላት ነበር። «ባሌ የአገሩን ሰው በሙሉ ያውቃል፣ ጎረቤቶቹ ሲቀሩ» ትላለች። እውነቷን ነው። አባቱ ሲቀበር ሶኮዴ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ ጋና። ጥሩ ባል ነበር ብዬ አልዋሽም።

እኔ በበኩሌ መኪና ላይ ስወጣ ሆዴ ይገለበጣል። ዋና ከተማችንን ሎሜን ያየኋት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ስገባ ያየሁት የማስመልስበትን የላስቲክ ከረጢት ውስጡን ነው። አገሬን ያወቅሁት እንግዲህ በያዎቪ ፎቶ፣ ጨለማ ክፍሌ ውስጥ፣ በቀይ መብራት፣ በማጠቢያ ሳህን ላይ ጎንበስ ብዬ ነው። ፊልሙን እየጠቀለለ ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔ አጥብለታለሁ፣ ኔጌቲቮቹን በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጥለታለሁ። እሱ ቤት ቢሆን አይጥ ትበላቸው ነበር።

የምንጣላው በጠርዙ ነው። የያዎቪ ፎቶ ጠርዙ ላይ ምንጊዜም የሆነ ነገር ይንጠለጠልበታል፤ የሰው ክርን፣ የብስክሌት ጎማ፣ ግማሽ ውሻ። እኔ ደግሞ ንጹሕ ፎቶ ነው የምወደው። ሳጥብ እቆርጠዋለሁ።

«ፎ፣ ምነው ውሻዬን ገደልክብኝ?» ይለኛል።

«ግማሽ ውሻ ነበር።»

«ሌላው ግማሽ እየመጣ ነበር እኮ።»

እንዲህ እየተባባልን ሃያ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረን። እሱ በየመንገዱ ከሳ፣ እኔ በወንበሬ ወፈርኩ። ማንም ካልጠየቃቸው ፎቶዎቹ ውስጥ አንዱ አንድ ጊዜ ባይጠየቅ ኖሮ ስለ ያዎቪ የማወራው ይሄ ብቻ ነበር።

ገበያችን ውስጥ የዘንባባ ዘይት የምትሸጥ ዴላሊ የምትባል ሴት ነበረች። በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም። መንታ የወለደችን ሴት በአክብሮት «ቬኖ» ነው የምንላት፤ እሷም ለሁሉም ቬኖ ሆነች። ልጆቿ በእኛ አገር ሴት መንቶች የሚሰየሙበትን ስም ይዘው አኮኤሌና አኮኮ ተባሉ። ፊታቸው አንድ ነበር። እናትየዋ ራሷም እንዳትሳሳት ለአኮኤሌ በግራ እጇ፣ ለአኮኮ በቀኝ እጇ ጨሌ አሰረችላቸው። ሁለቱ በዘይት ማድጋዎቹ መሃል ሲሯሯጡ ያላየ የገበያ ሰው የለም።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ኩፍኝ ገባ፤ አኮኮ በትኩሳት ሰነበተችና እንጨት ልትለቅም ጫካ ሄደች። ስለ መንታ ሌላ ቃል አንናገርም። የሄደችው ሄዳ ቆየች ይባላል እንጂ ሌላ አይባልም። ቤት የቀረችው ስትበላ ለሄደችውም ይቀርብላታል፤ ልብስ ሲገዛም ለሁለት ይገዛል። ድሮ የሄደችውን ቦታ የምትይዘው ከእንጨት የተቀረጸች ትንሽ ምስል ነበረች። ፎቶ ከመጣ ወዲህ ሥራው ወደ እኛ ዞረ። የቀረችውን ልጅ የእህቷን ልብስ አልብሰን እናነሳታለን፤ ከዚያ አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ አጥበን ጎን ለጎን እናጋጥመዋለን። በዚህ ሥራ ስሜ የታወቀ ነው። መጋጠሚያው አይታይም።

ለቬኖም ሠራሁላት። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን በመቀነቷ ጠቅልላ መልሳ አመጣችው።

«ፎ አግቤኮ፣ ሥራህ ግሩም ነው» አለችኝ። «ግን ሁለቱም አኮኤሌ ናቸው።»

«መንታ አይደሉ እንዴ ቬኖ? ማን ይለያቸዋል?»

«እኔ።»

ፎቶውን ተቀብዬ መጋጠሚያውን በጥፍሬ ዳበስኩ። እሷም ወንበሩ ላይ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። አገጯ ቀና አላለም።

«ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» አለች። «ሳስባት የምትመጣብኝ አኮኤሌ ናት። አኮኤሌን ሳይ ደግሞ አኮኮን ፍለጋ ነው የማያት። ያ መንገደኛው ሰውዬህ ገበያ ውስጥ ሲዞር ነበር አይደል? አንስቷት ቢሆንስ? አንዲት ትበቃኛለች።»

ያዎቪ ያኔ ሰሜን ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ እግሩም አያውቅም። ብስኩት ቆርቆሮዎቹን አውርጄ መፈለግ ያዝኩ። ደንበኛ ባጣሁ ቁጥር ኔጌቲቭ በመስኮቱ ብርሃን ላይ እያነጣጠርኩ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ፣ ሁለት ሳምንት ፈለግሁ። ፍየል፣ ሹፌር፣ ጃንጥላ፣ ፍየል። እንዲያው እየሰደብኩት ሳለሁ፣ ካለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ላይ፣ ዘይት ተራ የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ አገኘሁ። ጥርሷ የወለቀበት ቦታ እስኪታይ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ፊቱ የቬኖ ልጅ ፊት ነው።

እንደ ልማዴ አጸዳሁት። በአንድ በኩል የሆነ ሰው እጅ ገብቶበት ነበር፤ እሱን አወጣሁ። ከኋላ የቆመውን ታክሲ አወጣሁ። ከአንገቷ በላይ ብቻ፣ ትልቅ አድርጌ፣ ጥርት አድርጌ አጠብኩት። አምሮ ነበር።

ቬኖ አኮኤሌን አስከትላ መጣች። ልጅቱ የእናቷን ሽርጥ ይዛ ቆመች። ፎቶውን ሰጠኋት። እናትየዋ ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም።

«አኮኮ ናት» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አኮኤሌ እንዲህ አትስቅም። አኮኤሌ ከሳቀችም አፏን ገጥማ ነው። ይህቺ የኔ አኮኮ ናት፣ ሳቋን ረስቼው ነበር እኮ።»

ልጅቱ ፎቶውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ምንም አላለችም። ለኔ መንታ መንታ ነው፤ ፎቶውን በወረቀት ጠቀለልኩላት።

ከዚያ ወዲያ ቬኖ ሰው ሆነች። ፎቶውን መደርደሪያዋ ላይ አቁማ፣ መንቶች የሚወዱትን አደንጓሬ በዘይት ሠርታ ፊት ለፊቱ ታስቀምጥ ጀመር። ስድስት ወር ሙሉ የተባለችውን ዋጋ ተቀብላ ስትሸጥ የነበረችው ሴት ከደንበኛ ጋር መከራከር ጀመረች፤ አንዷን ቀማኛ ብላ ስትሰድብ ሰምቼ ደስ አለኝ። በገበያው የያዎቪ ስም ተነሳ። ኤሲቪ ሳትቀር፣ «ለካስ ለአንድ ነገር ይሆናል» አለች።

ያዎቪ ፎቶውን በሰጠኋት በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ወሬውን ታክሲ ማቆሚያው ላይ ነው የነገሩት። ቤቱ ሳይደርስ ሻንጣውን እንደያዘ ወደኔ መጣ።

«እስቲ አሳየኝ» አለ።

ሁለተኛ አጥቤ አስቀርቼ ነበርና ሰጠሁት። ይደሰታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፎቶውን ገለበጠው፣ መልሶ አየው።

«እጇስ?»

«የምን እጅ?»

«እዚህ ጋ እጅ ነበረች። ያቺን እጅ አይቼ ነው የተጫንኩት።»

ይህ ሰው የሚስቱን የልደት ቀን አያውቅም፤ ያነሳውን ፎቶ ግን ከነዝንቡ ያስታውሳል። ኔጌቲቩን አወጣሁና ጨለማ ክፍል ገባን። ምንም ሳልቆርጥ ከዳር እስከ ዳር አጠብኩት። ወረቀቱ ሳህኑ ውስጥ መጥቆር ሲጀምር መጀመሪያ የወጣው ሳቋ ነው። ቀጥሎ ሆዷን የያዘችባቸው ሁለት እጆቿ ወጡ፤ ጨሌው በግራዋ ላይ ነው። ከኋላ ያለው የታክሲ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ ኔጌቲቩን ገልብጬው ይሆናል ብዬ እንኳ የምጽናናበት አልነበረም። በመጨረሻ ከጠርዙ በኩል እጅ ወጣች። እስከ ክርኗ የምትታይ የልጅ እጅ ናት፤ ጠቋሚ ጣቷ በቀጥታ ወደ እኛ ተቀስሯል። ቀኝ እጅ ናት፣ አውራ ጣቷ ይመሰክራል። አንጓዋ ላይ ጨሌ አለ።

የምትስቀው አኮኤሌ ነበረች። አኮኮን እኔ በምላጭ ቆርጬ ጥያታለሁ።

«ተወው» አልኩት። «ሴትየዋ እህል መቅመስ ጀምራለች። ምን ታደርጋለህ?» እውነቱን ለመናገር ለእሷ ብቻ አይደለም ያዘንኩት፤ ስሜም አሳዝኖኝ ነው።

«ለአኮኤሌ ፎቶ እኮ ነው አደንጓሬ የምታቀርበው» አለ ያዎቪ። «ቤት ያለችውን ልጅ ጫካ ልከናት ዝም እንበል?»

ፎቶው እስኪደርቅ ጠበቅን። ያዎቪ ገመዱ ላይ እንደተሰቀለ በእጁ እያራገበው ሰዓቱን ያያል፤ በዚያው ቀን ወደ አታክፓሜ የሚወጣ ታክሲ ላይ ቦታ አስይዟል፣ ሻንጣውን እንኳ አልፈታም። አንተ ውሰድላት፣ እኔ ልሂድ ሊለኝ እንደፈለገ ገባኝ።

«አንስተህ መሄድ የለመድክ ነህ» አልኩት። «ይቺን ግን አብረን ነው የምንወስደው። አንተ አንስተሃል፣ እኔ ቆርጫለሁ።»

ቬኖ ደጇ ላይ ዘይት ከማድጋ ወደ ጠርሙስ ስትገለብጥ አገኘናት። ያዎቪን ስታይ ተነስታ ሁለት እጁን ያዘች፣ ወንበር አወጣች፣ ውሃ አቀረበች። እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ስለመጣበት ጉዳይ አይጠየቅም፤ እኔም ውሃዬን በጥቂት በጥቂቱ ጠጣሁ። በክፍቱ በር መደርደሪያዋ ይታያል፤ ፎቶውም፣ ሳህኑም። ያዎቪ ወረቀቱን ዘረጋላት።

አየችው። መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ፊቱን አውቃዋለችና። ከዚያ ዓይኗ ወደ እጆቹ ወረደ። ጣቷን ግራው ጨሌ ላይ አሳረፈች። ከታክሲ ማቆሚያው በኩል ጥሩምባ ተነፋ፣ ደጋግሞ ተነፋ፤ ያዎቪ ከወንበሩ አልተነሳም። መኪና ሲያመልጠው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«አኮኤሌ» ብላ ጠራች ቬኖ።

ልጅቱ ከጓሮ መጣች፤ እጇ እርጥብ ነው፣ ጠርሙስ ስታጥብ ነበር። እናቷ ፎቶውን አሳየቻት።

«ይህቺ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያኛውስ ፎቶ ሲመጣ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለች ልጅቱ። ቀሚሷን እያጨማደደች ትንሽ ቆየች። «ደግሞ አኮኤሌ እንዲህ አትስቅም ስትዪ… አንቺ ካልሽ እውነት ይሆናል ብዬ።»

አፈርኩ። በዕድሜዬ ብዙ ፎቶ አበላሽቻለሁ፣ ፊልም አቃጥያለሁ፣ ሙሽራ ያለ ጭንቅላት አስቀርቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አፍሬ አላውቅም።

ቬኖ ተነስታ ገባች። ከመደርደሪያው ላይ እኔ ያሳመርኩትን ፎቶ አነሳችና ይዛው ወጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ይህን ውሰደው» አለችኝ። «እሷ ቤቴ ናት።»

አደንጓሬውንም ከነሳህኑ አውጥታ አኮኤሌ ፊት አስቀመጠችው። ልጅቱ አልነካችውም። እናትየዋ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀምጣ አዲሱን ፎቶ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ አሁን ጣቷ ያረፈው ጠርዙ ላይ ያለችው እጅ ላይ ነው። ጥፍሩን፣ አንጓውን፣ ጨሌውን ዳበሰች።

«ይህቺስ?»

«አኮኮ ናት።»

«ምን እያሳየችሽ ነው?»

አኮኤሌ ያዎቪን ሰረቅ አድርጋ አየችና አንገቷን ደፋች።

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ነውር ነው።»

«ንገሪኝ ብያለሁ።»

«የሱሪው ዚፕ ተከፍቶ ነበር» አለች ልጅቱ ለመሬቱ። «የፎ ያዎቪ። እንደዚያው ሆኖ ገበያውን በሙሉ ዞረ፣ የሚነግረው አጣ። አኮኮ ‹እዪው ይሄን ሰውዬ፣ የሰው ደጅ ሲቃኝ የራሱን በር ሳይዘጋ ወጣ› አለችኝ። ከዚያ ወደኛ ዞረና አነሳን።»

ያዎቪ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። ዓመት ካለፈው በኋላ ማለት ነው።

ቬኖን በአፍንጫዋ ትንፍ ሲላት ሰማሁ። ልትይዘው ሞከረች፣ እምቢ አላት፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ለቀቀችው። እኔም አልቻልኩም። ያዎቪ ራሱ ዚፑን እየነካካ፣ «ዛሬስ ዘግቻለሁ» ሲል አኮኤሌ አደንጓሬው ላይ እስክትደፋ ድረስ ሳቀች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏን ከፍታ፣ በወለቀው ጥርሷ ቦታ የበቀለው አዲሱ እስኪታይ።

እናትየዋ ሳቋን አቋረጠች፤ ፎቶው ጉልበቷ ላይ እንደተዘረጋ፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን፣ ሌላ ማንንም ሳትፈልግባት፣ ታያት ጀመር።